መምታት በእንግሊዝኛ ስንት ስም አለው

አማርኛ የሚናገር ሰው ስለ መምታት ሲናገር «መታ» የሚለውን አንዱን ግሥ ይይዝና የተመታበትን ነገር ከፊቱ ያስቀድማል። በጥፊ መታው፥ በቡጢ መታው፥ በዱላ መታው ይላል። ገረፈ፥ ደበደበ፥ ኰረኰመ የሚሉ ሌሎች ግሦችም መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ዳሩ ግን «መታኝ» ብሎ የሚከስ ሰው ሁሉ «በምን?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይቀርም። እንግሊዝኛ ግን የተመታበትን ነገርና የምቱን ኃይል፥ አንዳንድ ጊዜም የሚሰማውን ድምፅ፥ በአንድ ቃል ውስጥ ጠቅልሎ ይይዛል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ አንዱን ቃል አጥንቶ በየስፍራው ሁሉ ሊናገረው አይችልም።

በተከፈተ መዳፍ ጕንጭን መምታት «ስላፕ» ይባላል፤ ይኸውም ጥፊ ነው። እጅን ጨብጦ መምታት «ፓንች»፥ በእግር መምታት «ኪክ»፥ በጅራፍ መምታት «ዊፕ» ነው። «ስማክ» የሚባለው ድምፁ ጧ ብሎ የሚሰማ ጥፊ ነው። «ታምፕ» ደግሞ ከባድ ሆኖ ድምፁ የታፈነ ምት ነው፤ የእህል ጆንያ ከትከሻ ወደ መሬት ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ያስታወሰ ሰው ቃሉን አይረሳውም። «ራፕ» አጭርና ፈጣን ምት ነው፤ መምህር ዝም ለማሰኘት በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሲመታ እንዲህ ይባላል። ከሁሉ የቀለለው «ታፕ» ነው፤ እርሱም በጣት ጫፍ ብቻ የሚደረግ ነው።

በር ማንኳኳት «ኖክ» ይባላል። ይህ ቃል ሲጻፍ በመጀመሪያው ኬ የምትባለው ፊደል አለችበት፥ ሲነበብ ግን አትሰማም። ተማሪዎች «የማትነበብ ፊደል ለምን ትጻፋለች?» እያሉ ይቸገራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጥንት ዘመን እንግሊዞች ይህችን ፊደል ያነብቧት ነበር፤ ኋላ አንደበታቸው ተዋት፥ እጃቸው ግን መጻፏን አልተወም። ኬዋ ስትነበብ ቃሉ ራሱ በር የሚያንኳኳ ይመስል ነበር። አማርኛም «አንኳኳ» የሚለውን ቃል ያገኘው ከዚያው ከበሩ ድምፅ ነው።

«ኬን» የሚባለው ሸምበቆ ነው፤ በሸምበቆ በትር መግረፍም በዚያው ስም ይጠራል። የእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ይህን ቃል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመዳፋቸው ይማሩት ነበር። በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ሕግ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ግርፋትን ከለከለ። (ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

መሣሪያ ሳይጠሩ መምታትን በጠቅላላ የሚናገሩ ሦስት ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ሂት»፥ «ስትራይክ»ና «ቢት» ናቸው። «ሂት» ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት ከዴንማርክና ከኖርዌይ በመርከብ መጥተው በእንግሊዝ አገር የሰፈሩ ሕዝቦች አመጡት፤ በእነርሱም ቋንቋ ትርጓሜው «አገኘ» ማለት ነበር። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጦርነት የቈሰለውን ሰው «ጥይት አገኘው» ይላልና።

«ስትራይክ» ግን ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጓሜው ማሸትና መዳበስ ነበር፤ ዘመዱ የሆነው «ስትሮክ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፤ ድመትን መዳበስም ስትሮክ ነው፥ የመጥረቢያ ምትም ስትሮክ ነው። መርከበኞችም የመርከብን ሸራ ማውረድ «ስትራይክ» ይሉታል። በ1768 በለንደን ወደብ የነበሩ መርከበኞች ስለ ደመወዛቸው ተጣልተው የመርከቦቹን ሸራ አወረዱ፤ መርከብም ያለ ሸራ አይሄድምና የወደቡ ሥራ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ሠራተኞች አድመው ሥራ ሲያቆሙ በዚሁ ቃል ይነገርላቸዋል፤ ማንንም ግን አልመቱም።

«ቢት» ደጋግሞ መምታት ነው። ከበሮ ሲመታ፥ ልብ ሲመታ ይህ ቃል ይነገራል። ሰው በሰው ላይ አደረገው ሲባል ግን ደበደበው ማለት ነው እንጂ ነካው ማለት አይደለም። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ሌላውን ሰው በታላቅ ጕዳት ላይ ሊጥለው ይችላል።

በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ የማያውቅ መምህር እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎች ውኃ ሊቀዱ ተራ ይዘው ቆመው ሳሉ፥ አንድ ታናሽ ልጅ ወደ ሌላ ወገን ሲመለከት ተራው እንደ ደረሰ ሳያውቅ ቀረ። ከኋላው የቆመው ከፍ ያለ ተማሪ ሊያነቃው ብሎ ትከሻውን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገው። ልጁም ደነገጠና ጣሳውን ጣለ፤ ሌሎቹ ልጆችም ሳቁበት። በዚህ ጊዜ አፍሮና ተቈጥቶ ወደ መምህሩ ሮጠ። በደብተሩ «መታ፤ ቢት» ብሎ ጽፎ አጥንቶ ነበርና፥ መታ መታ አደረገኝ ለማለት አስቦ «ሂ ቢት ሚ፥ ሂ ቢት ሚ» አለ።

አማርኛ ግሡን ሲደግመው ምቱን ያቀልለዋል፤ መታ መታ ማድረግ፥ ነካ ነካ ማድረግ የቀስታ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለው ቃል ሁለት ጊዜ ሲነገር ይከብዳል። ስለዚህ መምህሩ የሰማው ታላቁ ታናሹን ያለ ምሕረት እንደ ደበደበው ነው። ተከሳሹን ጠርቶ በዚያው ቃል «አድርገሃልን?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም ቃሉን የሚያውቀው እንደ ታናሹ ልጅ ነበር፥ ደግሞም መዋሸት አይወድም ነበርና «የስ» አለ። መምህሩም «አባትህን ይዘህ ሳትመጣ አትገባም» ብሎ ከቅጥሩ አስወጣው።

አባቱ የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ ተጕዞ መጣ። ሁለቱን ቋንቋ ለሚያውቀው ለትምህርት ቤቱ ጸሓፊ እጅ ነሥቶ «ጌታዬ፥ ልጄ ሰው ደብድቦ እንደ ሆነ እኔው ፊት ይቀጣ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተመታው ልጅ ይጠየቅልኝ» አለው። ጸሓፊው ታናሹን ልጅ አስጠርቶ በመምህሩ ፊት በአማርኛ ጠየቀው።

«ልጄ፥ በምን መታህ?»

«በጣቱ።»

«እንዴት አድርጎ?»

ልጁም «እንዲህ አድርጎ» ብሎ የጸሓፊውን ክንድ ነካ ነካ አደረገ። ጸሓፊው ወደ መምህሩ ዘወር ብሎ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ታፕ» አለው። የመምህሩ ፊት ቀላ። አባትየውን ይቅርታ ለመነው፥ ተማሪውንም ወደ ክፍሉ መለሰው። ይሁን እንጂ ልጁ አባቱን ሊጠራ ሄዶ ሳለ የዓመቱ ፈተና ተፈትኖ አልቆ ነበር፤ ፈታኞቹም ከሌላ ስፍራ የመጡ ነበሩና ተመልሰው ሄደዋል። ስለዚህ ያ ተማሪ በዚያው ክፍል አንድ ዓመት ደገመ።

ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላትን በአንድነት ሰብስበው የሚያሳዩ መጻሕፍት አሉ። ከእነርሱ ሁሉ ስሙ የታወቀውን የሠራው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ ሐኪም ነው። ሮዤ በ1805 ለራሱ ጽሕፈት እንዲረዳው ቃላትን በየትርጓሜያቸው ወገን መመዝገብ ጀመረ፤ መጽሐፉ በለንደን የታተመው ግን በ1852 የ73 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ነው። ቃላቱ በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ይህ መጽሐፍ ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው እንደ ተሞላ ጐተራ ነው፤ ለጀማሪ ግን አደገኛ ነው፥ ጎን ለጎን የቆሙት ሁሉ አንድ ይመስሉታልና። ወንድማማቾች በአንድ ቤት ቢኖሩ ጠባያቸው አንድ ነው አይባልም።

የእንግሊዝ አገር ዳኞች በዚህ ነገር እጅግ ይጠነቀቃሉ። ሰው ሌላውን ሊመታ እጁን ቢያነሣና ያኛው አሁን ሊመታኝ ነው ብሎ ቢፈራ፥ ምንም ሳይነካው «አሶልት» የሚባል በደል ይሆንበታል። አስቦ ያለ ፈቃዱና ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከነካው ግን «ባተሪ» ይባላል፤ ለዚህም ቍስል መገኘት አያስፈልግም። ይህ ባተሪ የተባለው ቃል ሌሊት መንገድ ለማብራት በእጅ ከሚያዘው ባትሪ ጋር አንድ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቃሉ መምታት ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ ወጣ፤ ቀጥሎም የከተማን ቅጥር ለመደብደብ በአንድነት የሚሰለፉ መድፎች ተጠሩበት። በ18ኛው መቶ ዓመት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጠርሙሶችን እንደ መድፍ ደርድሮ በዚሁ ስም ጠራቸው።

የሚያድን ምትም አለ። ሌዎፖልድ አውንብሩገር የተባለው ሐኪም በ1722 ግራትስ በተባለች የኦስትሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግዶች ማደሪያ ቤት ነበረው፤ ልጁም የወይን በርሜሎች በምን ያህል እንደ ተሞሉ ለማወቅ ከውጭ እየተመቱ ድምፃቸው ሲደመጥ ሳያይ እንዳልቀረ ይነገራል። ሐኪም ከሆነ በኋላ የበሽተኞችን ደረት በጣቶቹ ጫፍ እየመታ ማድመጥ ጀመረ፤ ያገኘውንም በ1761 በቪዬና ከተማ በላቲን ቋንቋ ጽፎ አሳተመ። ብዙዎቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ኋላ ግን የናፖሌዎን ሐኪም የነበረው ኮርቪዛር መጽሐፉን በ1808 ወደ ፈረንሳይኛ መለሰውና ጥበቡ በየአገሩ ተዳረሰ። አውንብሩገር በሚከተለው ዓመት ሞተ።

ዛሬም ሐኪም የግራ እጁን መካከለኛ ጣት በበሽተኛው ደረት ላይ አጋድሞ በቀኝ እጁ ጣት ይመታዋል። አየር የመላበት ሳንባ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል፤ በዙሪያው ውኃ የተጠራቀመበት ግን እንደ ሞላ በርሜል ድምፁ ይታፈናል። እንግሊዞች የሐኪሙን ሥራ «ታፕ» ይሉታል፤ ከበሽተኛው አጠገብ የተቀመጠች አማርኛ ተናጋሪ እናትም ወደ ቤቷ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ «ደረቱን መታ መታ አደረገው» ብላ ታወራለች።