ጦር ጭነው ወደ ዙላ ስለ መጡት መርከቦች

በስሜን አገር፥ በመካነ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው በደረስጌ ማርያም፥ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከ13 ዓመት በኋላ ይህን መንግሥት የሚያፈርስ ጦር ከባሕር ማዶ መጣ። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቈጥተው ቆንሲሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ነበርና፥ የእንግሊዝ መንግሥት እነርሱን እንዲያስፈታ ጄኔራል ሮበርት ናፒየርን ከሕንድ አገር ላከ።

ጦርን በመርከብ ከመጫን ይልቅ ወደ የብስ ማውረድ ይከብዳል፤ ትልቅ መርከብ ጥልቅ ውሃ ስለሚሻ ወደ ዳር ሊጠጋ አይችልም። ለመውረጃ የተመረጠው ዙላ፥ ከምጽዋ በስተ ደቡብ፥ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ያለ፥ እጅግ ሞቃትና የሚጠጣ ውሃ የጐደለበት ስፍራ ነበረ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቀድመው የወረዱት ሰዎች ወደ ባሕሩ የሚዘረጋ መውረጃ ድልድይ መሥራት ጀመሩ፤ ኋላም እስከ ተራራው ግርጌ የምድር ባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከ280 የሚበልጡ መርከቦች፥ ከፊሎቹ በሸራ ከፊሎቹ በእንፋሎት እየሄዱ፥ 13,000 ያህል ወታደር፥ ብዙ አገልጋይ፥ ፈረስ፥ በቅሎና ግመል፥ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ሳይቀሩ አመጡ።

ከሁሉ የባሰው ችግር ውሃ ነበረ። በመርከቦቹ ውስጥ የባሕሩ ውሃ እየፈላ፥ እንፋሎቱም እየቀዘቀዘ ጨው የሌለበት ውሃ ይወጣ ነበር፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃውም ጠባቂውም ስላልበቃ፥ ብዙ በቅሎዎች በጥማትና በበሽታ በዳሩ ላይ አለቁ። በኋላ ዘመን፥ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ጦር ሲወርድ፥ ፊታቸው እንደ መዝጊያ ወደ ታች የሚከፈት ጀልባዎች ወታደሩን እስከ ዳር አደረሱት፤ ወደቡም ራሱ በክፍል በክፍል ተሠርቶ በባሕር ላይ እየተጐተተ ተከተለ።

ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል፤ መርከብና ወደብ ግን አልነበራቸውም። የባሕሩ ዳር በግብፅ እጅ ስለ ነበረ ጦሩ ሲወርድ የከለከለው የለም። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞም መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

በሰኔ ወር መርከቦቹ ጦሩን ከዙላ መልሰው ጫኑ። የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ባሕሩን ሳያዩ በመንገድ ዐረፉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ።