ለልጃችን የትኛውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንግዛ?

ቤቴል ውስጥ ጎልማሶችን ከማስተምርበት ክፍል አንድ ማታ ተማሪዎቹ ሲወጡ አንዲት እናት ወደኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ።

«መምህር፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ሁለት ወር ሙሉ አለቀሰችበት። እኔም፣ አልዋሽህም፣ መታኋት። ጥፋቱ የልጅቷ ይሁን የመጽሐፉ እንጃ» አሉኝ።

ገለጥኩት። ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ያምራል። ነገር ግን ለአራተኛ ክፍል ልጅ እንኳ የሚከብድ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሸጦላቸዋል። እንጀራ እየሸጡ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። ይህን ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ።

እኚህ እናት ከጉራጌ አገር፣ ከእምድብር አካባቢ የመጡ ካቶሊክ ናቸው። አሜሪካ ያሉ ካቶሊክ ወላጆች ልጆቻቸውን እቤት የሚያስተምሩባቸው መጻሕፍት እንዳሉ ሰምተዋል። «ጸሎቱም እንግሊዝኛውም ባንድ ላይ ያለበትን ብታገኝልኝ» አሉ። ወሬው እውነት ነው። በዚያ አገር ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት የሚያስተምሩ ብዙ የካቶሊክ ቤተሰቦች አሉ። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሰነድም የልጆች የመጀመሪያ አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው ብሏል። በእኛ አገር ግን ልጁ ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ የእናትና የአባት ተራ ማታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ስላደረገ የዚህ መጽሐፍ ጥያቄ በየቤቱ አለ።

እንግዲህ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዴት ይመርጣል? ይችላል። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይወቅ።

በእኛ ፊደል «ለ» ስሙም ድምፁም «ለ» ነው። በእንግሊዝኛ እንደዚህ አይደለም። የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል ድመት «ካት» ትባላለች። ስትጻፍ ሲ፣ ኤ፣ ቲ በሚባሉ ሦስት ፊደላት ነው። ስትነበብ ግን «ሲኤቲ» አትባልም። እዚህ ላይ «ሲ» ድምፁ «ክ» ነው። «ሲቲ» በሚለው ቃል ደግሞ፣ ከተማ ማለት ነው፣ ያው ፊደል «ስ» ይሆናል። ፊደላቱ 26 ብቻ ናቸው፤ ድምፆቹ ግን 44 ያህል ናቸው። ስለዚህ ልጁ ስማቸውን በዜማ ስለሸመደደ ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም።

የማይነበብ ፊደልም አለ። ቢላዋ «ናይፍ» ይባላል፤ ሲጻፍ ግን ከፊቱ «ኬ» የሚባል ፊደል አለበት። በጥንት ዘመን «ኬ»ውም ይነበብ ነበር። ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1476 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ማተሚያ አቋቋመ። ኅትመት እየተስፋፋ ሲሄድ አጻጻፉ ባለበት ረጋ፤ አንደበት ግን ተለወጠ። እናንተስ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ የለም እንዴ? እነሱም ድሮ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ልጁ «ናይፍ»ን ቢሳሳት እንግዲህ ቁጣ አያስፈልገውም። ደጋግሞ ይጻፈው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ገልጣችሁ አንድ ገጽ እንዲያነብ አድርጉ። ያቃተው ቃል በተገኘ ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ከብዶታል፤ መልሱት። ሥዕሎቹንም እናንተው እዩ። ላም፣ ዶሮ፣ ድስት፣ ዛፍ ካለበት ልጁ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚጽፈው። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ «ኤ ፎር አፕል» እያልኩ ስጮኽ ፖም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር! የመጻፊያው መስመር ሰፊ ይሁን፤ የትንሽ ልጅ እጅ በጠባብ መስመር ላይ ይደክማል። ከሁሉ በላይ ሻጩን ወይም የልጁን አስተማሪ «ይህ የፊደሉን ድምፅ ያስተምራል ወይስ ስሙን ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ ካነሰ የሌላ ልጅ የተጠቀመበትን መግዛት ይቻላል፤ መልሱ ተሞልቶበት እንደሆነ ግን አገላብጡ። በአዲሱም ላይ አታስጽፉ። መልመጃውን በደብተር ይሥራ፤ መጽሐፉ ለታናሹ ይተርፋል።

መጽሐፍ ሳይገዛም መጀመር ይቻላል። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ለድሆች ልጆች ቤት ከፈተች። ፊደላቱን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ ልጆቹ ድምፁን እያሰሙ በጣታቸው እንዲከተሉት ታደርግ ነበር። በእኛ ቤት ትሪ ላይ የተነጠፈ አሸዋ ይበቃል።

የጸሎቱ ነገር ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ ጸሎትና የእንግሊዝኛ ፊደል ባንድ ገጽ ላይ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ሸክም ነው። በጸሎት ውስጥ ያሉት ቃላት ረጃጅም ናቸው። ደግሞም ብዙ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚያስቀድሱት በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካው መጽሐፍ ይህን አያውቅም። እናትዮዋ አልተስማሙም። «ጸሎት ያልገባበት ትምህርት ጨው የሌለው ወጥ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ልጅቷ ሳትተኛ አቡነ ዘበሰማያትን ከእሳቸው ጋር በቃል ልትደግም፣ እንግሊዝኛውን በቀጭን መጽሐፍ ልትማር ተስማማን።

ወፍራሙ መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ አራተኛ ክፍል ስትደርስ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ «ካት»ን አሸዋ ላይ ጽፋ እናቷን «ይሄ ምንድነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ድመት!» አሉ።

መልመጃ
1. «ሲ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ድምፅ አየንለት? ምን ምን?
2. አምስቱ ጣቶች ገጹ ሳያልቅ ከታጠፉ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በጸሎቱ ጉዳይ ከእናትዮዋና ከጸሐፊው የማንን ሐሳብ ትደግፋላችሁ? ለምን? በሦስት መስመር ጻፉ።