ስለ ከብት ዘር መታረም፦ ለጥናት

«የከብት ዘር በላቦራቶሪ ይታረማል የሚባለው እውነት ነውን? ክርስቲያንስ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ በጉባኤዎቻችን ይነሣል።

ዘርን መምረጥ አዲስ ነገር አይደለም። በዘፍጥረት 30 ያዕቆብ ዝንጉርጉሮቹን እየለየ ሲያረባ እናያለን (ስለ በትሮቹ ያለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው)። አዲሱ ነገር ክሪስፐር የተባለው መሣሪያ ነው። ይህም በሕዋስ ውስጥ ካለው የዘር መልእክት የተፈለገችውን ቦታ ፈልጎ እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በዚህ መንገድ ከሌላ ፍጥረት ምንም ሳይጨመር የከብቱን ጠባይ መለወጥ ይቻላል።

በካሪቢያን ደሴቶች የሚረቡት የሴኔፖል ከብቶች ጠጉራቸው አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ሙቀትን ይችላሉ። ሊቃውንት የዚህን ጠባይ ዘረ መል አግኝተው ያንኑ ለውጥ በሌሎች የሥጋ ከብቶች ላይ አደረጉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2022 አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ ሥጋው ለገበያ እንዲቀርብ መንገድ ከፈተ። በ2025 ደግሞ አሳማዎችን የሚያስወርድና የሚገድል የቫይረስ በሽታ የማይዛቸውን አሳማዎች ፈቀደ።

ሥራው ግን ሁልጊዜ እንደታሰበው አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቀንድ እንዳያበቅሉ ዘራቸው የታረመ ጥጆች በአሜሪካ ተወለዱ። የተደረገውም እንስሳው ቀንዱ ሲቃጠል እንዳይሠቃይ ነው፤ ምሳሌ 12፥10ን ያነበበ ይህን አሳብ አይነቅፍም። ሆኖም በ2019 ዘራቸው ሲመረመር ሳይታሰብ የገባ የባክቴሪያ ዘረ መል ተገኘ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። የሴኔፖል ጠባይ ከገበሬ መንጋ ተገኘ እንጂ በላቦራቶሪ አልተፈጠረም። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሸኮ ከብት አለ፤ ቁመቱ አጭር፣ ብዙ ጊዜ ቀንድ አልባ ነው። የገንዲ ዝንብ የምታስተላልፈውን በሽታም ከሌሎች ከብቶች ይልቅ ይቋቋማል። ገንዲ በሬውን የገደለበት ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በሬ ከሌለ እርሻም የለም። ይሁን እንጂ የሸኮ ዘር ከሌሎች ጋር እየተዳቀለ በመመናመን ላይ ነው። ፈጣሪ በዚህ ከብት ያኖረው ጠባይ ከጠፋ ሊቃውንቱ ከየት ይቀዱታል?

ስለዚህ በዚያ አካባቢ የምትሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የውጭ ኮርማ ከማስገባታችሁ በፊት ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ገንዲ በገባበት ዓመት የማን ላሞች ተረፉ? ከእነርሱ የተወለደውን ወይፈን ሳይኮላሽና ሳይሸጥ ለኮርማነት እንዲያቆዩት ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋገሩ።