የምንለቀውን ዓሣ እንዴት እንያዝ?

በመልካ ጀብዱ ያደገ ሰው ስለ ዓሣ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለችው መንደራችን የምታውቀው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። በደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ደርሶ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያው አሸዋ ነው። ሽቅብ ወደ ሐረር መንገድ የወጣን እንደ ሆነም፣ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ውኃው መመለስ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። የውኃን መጥፋት ያየ ሰው በውኃ ውስጥ ላለው ነፍስ ይሳሳል። ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በዝዋይ ሐይቅ ዳር ነበርን። አንድ ባልንጀራችን በመረብ ከተያዙት መካከል አነስ ያለች ቆሮሶ አይቶ «ይህችስ ትለቀቅ» አለ። አሳቡ መልካም ነበር። እንዳታሟልጨው ብሎ ግን የታችኛውን መንጋጋዋን በፒንሳ ቆንጥጦ አንጠለጠላት። ወዲያው ከአፏ ውስጥ የደቀቁ ጫጩቶች በአሸዋው ላይ ተበተኑ። እናቲቱን ወደ ውኃው መለሳት፤ ልጆቿ ግን እዚያው ቀሩ።

ቆሮሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ታቅፋ ነው። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው የሚሸሸጉት እዚያው ነው። ስለዚህ ለእርሷ አፍ ማለት መብያ ብቻ ሳይሆን ጎጆም ነው። ባልንጀራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ አላወቀም እንጂ። እንግዲህ ማወቅ የሚገባንን በአጭሩ እንመልከት።

ዓሣ አጥምዶ መልሶ የመልቀቅ ልማድ ባለበት አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ የከንፈር መያዣ አለ። እንደ ጉጠት ሆኖ የታችኛውን መንጋጋ ነክሶ ይይዛል። ጥቅሙ አይካድም። የሰውን እጅ ከሾለ ጥርስና ከመንጠቆ ያድናል፤ የዓሣው ገላም በመዳፍ ስለማይታሽ ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ አይገፈፍም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ዓሣ በውኃ ውስጥ ሳለ ክብደቱን የሚሸከምለት ውኃው ነው። መንጋጋው የተፈጠረው ለመክፈትና ለመግጠም እንጂ መላ አካሉን ተሸክሞ ለመንጠልጠል አይደለም።

ይህ በምርመራ ተረጋግጧል። በባሃማስ በቦንፊሽ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚህ መያዣ በውኃ ውስጥ ከተያዙት ዓሦች ከመቶ 80ው፣ ወደ አየር ከወጡት ደግሞ ሁሉም አፋቸው ቆስሏል። በአውስትራሊያም ባራመንዲ በተባለው ዓሣ ላይ በተደረገው ሙከራ መያዣው ከምላስ በታች ያለውን ስስ ቆዳ ሲበሳ ታይቷል፤ ቁልቁል ተንጠልጥለው በተያዙት ላይም የአከርካሪው አሰላለፍ ተለውጦ ተገኝቷል። ባራመንዲ በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ለሚገኘው ናይል ፐርች የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት አየር ነው። የዓሣ መተንፈሻ፣ ማለትም ስንጥቡ፣ እንደ ላባ የተዘረጋው በውኃ ተደግፎ ነው፤ ከውኃ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ እስኪደክሙ ድረስ እንዲዋኙ ከተደረጉት የሬይንቦ ትራውት ዓሦች መካከል አየር ያልነካቸው ከመቶ 12 ሞቱ። ለ30 ሴኮንድ ወደ አየር ከወጡት ከመቶ 38፣ ለ60 ሴኮንድ ከወጡት ደግሞ ከመቶ 72 ሞቱ። ይህ ዓሣ ወደ ባሌ ወንዞችም ገብቶ የተራባ ነው። ልብ በሉ፤ ሞቱ የተቆጠረው እስከ 12 ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ለቅቆ «ዋኝቶ ሄደ» ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ የገባ ሰው ይህን ሞት አያየውም።

አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። ቢሆንም ቅሉ መንጋጋው እንደ ሌሎቹ ይቆስላል፤ በጎንና ጎን ያለው የክንፉ እሾህም ቸልተኛን ሰው ይወጋል።

ስለዚህ ሊለቅ ያሰበ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

አንደኛ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ያሰናዳ። የመንጠቆው ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ በፒንሳ ተጨፍልቆ ቢጠፋ መንጠቆው ያለ ትግል ይወጣል። ፒንሳ መንጠቆ መንቀያ ይሁን እንጂ ዓሣ ማንጠልጠያ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ዓሣውን ከመንካት በፊት እጅን በውኃ ያርጥብ፤ በደረቅ ጨርቅም አይያዝ፤ በአሸዋም ላይ አያጋድም።

ሦስተኛ፣ የከንፈር መያዣ የግድ ካስፈለገ ዓሣው በውኃ ውስጥ እንዳለ ጸጥ ለማድረግ ብቻ ይጠቀምበት። ቢወራጭ አብሮ ያዘንብል እንጂ አይጠምዝዝ። ከፍ ማድረግ ግዴታ ከሆነ ሁለተኛው እጅ ከሆዱ በታች ይደግፍ፤ ዓሣውም አግድም ይሁን።

አራተኛ፣ ቆሮሶን በአፏ ከመያዝ ይታቀብ፤ ጣትንም በማንኛውም ዓሣ ስንጥብ ውስጥ አያስገባ።

አምስተኛ፣ ሲለቅ አይወርውር። በራሱ ኃይል እስኪሄድ ድረስ ቀጥ አድርጎ በውኃው ውስጥ ይደግፈው፤ ወንዝ ከሆነም ፊቱን ወደ ወራጁ ያዙር።

አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልኃት» ብለዋል። ሊበላው የያዘ ሰው ሳያሠቃይ ፈጥኖ ይግደለው፤ ነውር የለበትም። ሊለቀው የወሰነ ግን ሥራው የሚፈጸመው ዓሣው ከእጁ ሲወጣ ሳይሆን በማግሥቱም በሕይወት ሲገኝ ነው። ያን ቀን በዝዋይ ዳር አንዲት ቆሮሶ ለቀቅን ብለን ተደስተን ነበር። ያጠፋነውን የቆጠርነው አሸዋውን ጎንበስ ብለን ባየን ጊዜ ነው።