ካልሲው አልሠራም

ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖረ ሳክስፎን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የካልሲ መሳቢያውን መበርበሩ አይቀርም። እኔም በርብሬያለሁ። አንድ ወፍራም የክረምት ካልሲ ጠቅልዬ በአልቶ ሳክስፎኔ ሰፊ አፍ ወተፍኩና «ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል!» ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከእኔ በታች የሚኖሩት እማማ ነበሩ። አልተቆጡም። ፊቴን ትኩር ብለው አዩና «ልጄ፣ ደህና ነህ? አሞህ ነው?» አሉኝ።

በካልሲው መፍረድ አይቻልም። ትራምፔት ድምፁን የሚያወጣው ከፊት ባለው አፉ ስለሆነ እዚያ ላይ ማፈኛ ሲገባበት ይታፈናል። ሳክስፎን ግን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አብዛኛው ኖታ የሚያመልጠው ጣት ካልዘጋቸው ቀዳዳዎች ነው፤ በሰፊው አፍ ብቻ የሚወጡት ከሥር ያሉት ጥቂት ወፋፍራም ኖታዎች ናቸው። ካልሲው የሚደርሰው እነሱ ጋ ብቻ ነው፤ እነሱንም ያበላሻቸዋል እንጂ ዝም አያሰኛቸውም። ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ፣ በወታደር ባንድ መካከል ደረቱን ነፍቶ የሚሰማ መሣሪያ እንጂ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚነፋ አላሰበም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሳክስፎኑ ከነሣጥኑ አልጋ ሥር ይገባል። «ግቢ ያለው ቤት ስከራይ እጀምራለሁ» ይባላል። ወዳጄ፣ ግቢ ያለው ቤት እስክትከራይ ከንፈርህም ጣትህም ያረጃል። ይልቅ አንድ ሰው ላስታውስህ።

በ1959 እ.ኤ.አ. ሶኒ ሮሊንስ ገና 30 ዓመት አልሞላውም፤ በጃዝ ዓለም ግን ስሙ የገነነ ነበር። እሱ ግን በራሱ አጨዋወት አልረካም። መድረኩን ትቶ እንደገና ሊለማመድ ተነሣ። የሚኖረው ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ በአፓርታማ ነበር፤ ከጎረቤቶቹም አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ ቴነር ሳክስፎኑን አንጠልጥሎ ወደ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ወጣ። ከበታቹ ጀልባው፣ ከጎኑ ባቡሩና መኪናው ይጮኻል፤ እሱም እንደልቡ ይነፋል። በጋ ክረምት ሳይል፣ አንዳንድ ቀን እስከ 15 ሰዓት ድረስ፣ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. እንዲህ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ በ1962 ያወጣውን አልበም «ዘ ብሪጅ» አለው፤ ድልድዩ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሰዎች ስለ ጽናት ሲሰብኩ ይጠቅሱታል። እኔን ግን ቀልቤን የምትስበው ነፍሰ ጡሯ ናት። ሮሊንስ ለእሷ ብሎ ሳክስፎኑን አልሰቀለም፤ ለሳክስፎኑም ብሎ እንቅልፏን አልነሣትም። እሱ መንፋት አለበት፣ እሷም ማረፍ አለባት፤ ሁለቱንም ይዞ መፍትሔ ፈለገ። እኛ ብዙ ጊዜ አንዱን እንጥላለን፦ ወይ በይሉኝታ ሕልማችንን፣ ወይ በሕልማችን ጎረቤታችንን።

እኔ ድልድይ ስላልነበረኝ ደረጃውን ወረድሁ። በማግስቱ እማማ ቡና ሲያፈሉ ጠብቄ ገባሁና ነገሩን አጫወትኋቸው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኋቸው፦ «የትኛው ሰዓት ነው የማይከብድዎት?» ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ መልሱ ተገኘ። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 12፤ ያኔ የብሎኩ ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ ስለሚጫወቱ የእኔ ጩኸት ከእነሱ አይብስም። በዚያች ሰዓት ሙሉ ድምፄን እነፋለሁ። ፈቃድ ተጠይቆ የተገኘ አንድ ሰዓት፣ እየተሳቀቁ ከሚነፉት ሦስት ሰዓት ይበልጣል። እየፈራህ ስትነፋ ትከሻህ ይወጠራል፣ ጉሮሮህ ይጠብባል፤ የምትለማመደው ፍርሃቱን ይሆናል።

የቀረው ጊዜስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙ ያተረፍሁት በጸጥታው ነው። ማታ ጣቶቼን ብቻ አሠራለሁ። ማውዝፒሱን ሳልነካ፣ ሜትሮኖሙን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ ትዝታን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ባቲን፣ ከዚያ አምባሰልን በቁልፎቹ ላይ እሄድባቸዋለሁ። ዜማውን በልቤ አዜመዋለሁ። ድምፅ ሲኖር ጆሮ በድምፁ ውበት ይታለልና የጣትን ስንፍና ያልፈዋል። ድምፁ ሲጠፋ ግን የቀለበት ጣቴ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚደርስ በደንብ ታየኝ። አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ከሰው አፍ ወስደው በሳክስፎን እንዳስፎከሩ የሰማ ሁሉ ያውቃል። የእኛ ዜማ ጌጡ ያለው በኖታዎቹ መካከል ባለው ፈጣን እንቅስቃሴ ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው የጣት ሥራ ስለሆነ ጎረቤት ሳይነቃ ይሠራል።

ሌላው ቁም ሣጥኑ ነው። ልብስ የተንጠለጠለበትን ከፍቼ ፊቴን ወደ ውስጥ አዞርና አንድ ኖታ ይዤ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ እጅግ ዝግ አድርጌ እነፋለሁ። ካፖርትና ብርድ ልብስ ቀጫጭኑን ድምፅ ይውጡታል፤ ወፍራሙ ግን ግድግዳ ጥሶ ስለሚያልፍ ከሥር ያሉትን ኖታዎች ለ11 ሰዓት አቆያቸዋለሁ። ድምፅ ክፍተት ካገኘ እንደ ውሃ ሾልኮ ይወጣልና የበሩን ሥር በጋቢ እደፍናለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሪድም (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) ለዚህ ይረዳል፤ በትንሽ ትንፋሽ ይነሣልና።

ዝግ አድርጎ መንፋት ቀላል እንዳይመስልህ። ጮክ ብሎ መንፋት ለጀማሪም ይሆናል፤ ሆድ ሞልቶ መግፋት ነው። በሹክሹክታ ስትነፋ ግን ድምፁ ይነስ እንጂ የትንፋሹ ድጋፍ መቀነስ የለበትም። ትንሽ ከላላህ ኖታው ይሰበራል፣ ከንፈርህን ካጠበቅህ ከቃናው ይሸሻል። በስልክህ ላይ ቲዩነር ከፍተህ መርፌዋን ተመልከት፤ አሥር ሰከንድ ሳትነቃነቅ ካቆየሃት ጎበዝ ነህ። እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ በ11 ሰዓቱ ልምምድ ሙሉ ድምፄን ስለቅ ኖታው እንደ ድሮው አልተንገዳገደም። ካልሲ ፍለጋ የበረበርሁት ይህን መምህር ላለማግኘት ነበር ለካ!

ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ከእማማ ጋር ተገናኘን። የያዝሁትን ፌስታል አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኋቸው። «ጠንክረሃል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ደረጃ ወረድ አሉና መለስ ብለው፣ «ያቺ መሀል ላይ የምትሰበርብህ ግን ትናንትም ተሰበረች» ብለው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ ማታ ከቁም ሣጥኑ ፊት የምጀምረው ከእሷ ነው።