ወረቀት የለሽ ቤተ መጻሕፍትና የባለሙያው ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በ1978 የመረጃ ሳይንስ ምሁሩ ዊልፍሪድ ላንካስተር ወረቀት የማያስፈልገው የመረጃ ሥርዓት እንደሚመጣ በመጽሐፋቸው ተንብየው ነበር። ጉዞው ተጀምሯል፤ ወረቀቱ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም። ለመሆኑ አንድን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ሲባል ምን ማለት ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአርሲ ምሳሌ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና «ካዱ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ስለ አካባቢው እርሻና ገበሬ በርካታ ጥናቶችን በወረቀት አሳትሟል። ስንዴና ገብስ ከሚበቅልበት ከዲክሲስ ተነሥቶ አሰላ ወደሚገኘው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ ተማሪ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የወላጆቹ ማሳ ታሪክ ናቸው። ቅጂያቸው ጥቂት የሆነ ጽሑፎች ከተበላሹ ደግሞ የሚተካቸው የለም።

በስካነር የተነሣ ገጽ ለኮምፒውተሩ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሥዕሉ ወደ ፊደል ይለወጣል፤ ቀጥሎም ርእሱ፣ ጸሐፊው፣ ዘመኑና ቦታው በመግለጫ መዝገብ ይሰፍራሉ። ይህ መዝገብ የቀድሞው የካርድ ካታሎግ ወራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነውን ዲስፔስን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች መዝገቡን ያስተዳድራሉ እንጂ በራሳቸው አይሞሉትም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲካተት «ሠ» 4640፣ «ሰ» ደግሞ 4656 ቁጥር ተሰጣቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አንዱ መዝጋቢ «አሰላ»፣ ሌላው «አሠላ» ብሎ ቢጽፍ ፈላጊው ግማሹን ሰነድ ያጣል። መፍትሔው ባለሙያዎች በአንድ አጻጻፍ መስማማታቸው፣ ወይም ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የሚቆጥር የፍለጋ ሥርዓት ማዘጋጀታቸው ነው።

ከዚህ የምንረዳው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የዲጂታል ዕውቀት ኮምፒውተር ከፍቶ ከመዝጋት እጅግ የሰፋ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት «ሂናሪ» መርሐ ግብር አዳጊ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያነቡ በር ከፍቷል። ነገር ግን ፍለጋን የሚያስተምር ሰው ከሌለ የተከፈተው በር እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ባለሙያው ፋይሎችን በተለያዩ ቦታዎች በቅጂ ማስቀመጥን፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም በግቢው ሰርቨር ማስነበብን ማወቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ወረቀቱን ለማስወገድ ከመቸኮላችን በፊት አንድ ፈተና እናድርግ፦ የተቀመጠውን ሰነድ ያላስቀመጠው ሰው ፈልጎ ያገኘዋልን? መልሱ «አዎን» እስኪሆን ድረስ ወረቀቱ በመደርደሪያው ይቆይ።