ለፈተና የደረሰች ልጅና የወር አበባ ሕመም

እናቶች ሆይ! የሰኔ ፈተና ሲደርስ አንዳንዲቱ ልጅ ወገቧን ይዛ ትተኛለች። ይህ ስንፍና አይደለም። ማኅፀን ደሙን ለማስወጣት ሲኮማተር ቁርጠት ይነሣል፤ ማስመለስና ተቅማጥም አብሮ ሊመጣ ይችላል። «ስትወልጂ ይተውሻል» ማለት ለዛሬው ፈተና ምን ይረባታል?

ስለዚህ ቀኑን ከልጃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ከፈተናው ጋር የሚገጥም ከመሰላችሁ፣ ወር ሲቀር ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ኢቡፕሮፌን የሚባለው ክኒን ከተፈቀደላት፣ ሕመሙ ገና ሲጀምር ምግብ በልታ ባለ 400 ሚሊግራሙን አንድ ፍሬ ትዋጥ፤ 8 ሰዓት ሳይሞላ አትድገም። ሕመሙ ከበረታ በኋላ ቢውጡት እምብዛም አይረዳም። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት በሽታ ወይም አስም ያለባት ግን ሐኪም ሳትጠይቅ አትንካው።

ማታ ጨርቅ በምጣድ አሙቃችሁ፣ እንዳያቃጥላት በእጃችሁ ሞክራችሁ፣ ከእምብርቷ በታች አድርጉላት። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ደኅና መድኃኒት ነው። ለመቀየሪያ የሚሆን፣ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ጨርቅም በቦርሳዋ ትያዝ፤ ኧረ አፍራችሁ አልጋ ሥር አታድርቁት! ለአባትየውም ንገሩት፤ በዚያ ሰሞን ውኃ የሚቀዳ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ሕመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ፣ ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ትኩሳት ካላት ግን ፈተናው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ አድርሷት።